የእንግሊዝ ቢራ ቅራሪ አይደለም፤ ለቤት ጠማቂም ጊዜው አላለፈበትም

ሰሞኑን በቤት ውስጥ ቢራ ስለመጥመቅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ጸሐፊው ሥራውን በደንብ ያውቃሉ፤ አጻጻፋቸውም ይጥማል። የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ቢተር፣ ማይልድ፣ ፖርተር የሚባሉት የእንግሊዝ ባህላዊ ቢራዎች ሞቅ ብለው የሚቀርቡ፣ ጋዝ የሌላቸው ቀጫጭን መጠጦች ናቸው። «ቅራሪ» ብለዋቸዋል። በሆፕ፣ ማለትም ለቢራ እንደ ጌሾ በሚሆነው አበባ፣ የታጨቀ ቢራ አሜሪካኖች የፈጠሩት ነው፤ ዘመኑም የእሱ ነው። ጀማሪ ጠማቂ ጉድለቱን በሆፕ እየሸፈነ ቢማር ይሻለዋል። የእንግሊዙን ግን ገበያው ራሱ እየቀበረው ስለሆነ፣ ያማረው ሰው ከሱቅ ገዝቶ ይጠጣ።

ከዚህ ውስጥ አንዱ እውነት ነው፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ። ሌላው ግን አልተዋጠልኝም። በተለይ ለጀማሪው የሰጡት ምክር የሰው ገንዘብ መሬት ላይ የሚያስደፋ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቤት መጥመቅ በሕግ በተከለከለበት አገር ያላችሁ ደግሞ ለንባብ ብቻ ያድርግላችሁ።)

በሙቀቱ ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው። በእንግሊዝ ፐብ (መጠጥ ቤት) በርሜሉ የሚቀመጠው ምድር ቤት ነው። ቢራው መቅረብ ያለበት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። ይህ ቀዝቀዝ ያለ እንጂ ሞቅ ያለ አይባልም። ላገር የሚባለውን የተለመደ የፋብሪካ ቢራ 4 ዲግሪ ላይ ለለመደ ሰው ግን ሞቅ ያለ ሊመስለው ይችላል፤ አልፈርድበትም። ጠማቂዎቹ ይህን ሙቀት የመረጡት ብርድ የብቅሉን ጣዕምና ከእርሾው የሚወጣውን የፍራፍሬ መዓዛ ስለሚደብቀው ነው።

ጋዙስ? በርሜሉ ውስጥ ሕይወት ያለው እርሾ አለ። ቢራው እዚያው ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላና የራሱን ጋዝ ያመርታል። መጠኑ ላገር ውስጥ ካለው ግማሽ ቢሆን ነው፤ ግን አለ። ምላስ ላይ የሚሰማ ትንሽ መቆንጠጥ የሌለው ቢተር ከቀረበላችሁ በርሜሉ ከተከፈተ ሰንብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ አሻሻጩን ውቀሱ።

ወደ ቅራሪው ልምጣ። ቅራሪ ምን እንደሆነ ለዚህ አንባቢ አላስረዳም። እንግሊዞችም የራሳቸው ቅራሪ ነበራቸው። ከተዘፈዘፈው ብቅል ጠንካራውን ጭማቂ ካጠለሉ በኋላ እዚያው ላይ ሌላ ሙቅ ውሃ ይጨምሩና ቀጭኑን ያወጣሉ። «ስሞል ቢር» ይሉታል፤ ልጅም አሽከርም የሚጠጣው እሱን ነበር። ቢተር ግን ከዚያ ወገን አይደለም። እንዲያውም አሠራሩን ለክብር ያበቁት አሉ። የለንደኑ ፉለርስ ጠንካራውንና ቀጭኑን ጭማቂ በተለያየ መጠን እየቀላቀለ ከአንድ ዝፍዝፍ ሎንደን ፕራይድና ኢ.ኤስ.ቢ. የሚባሉትን ቢተሮች ሲያወጣ የኖረ ጠመቃ ቤት ነው። በ1971 የወጣው ኢ.ኤስ.ቢ. ከበርሜል ሲቀዳ 5.5 በመቶ አልኮል አለው። ቅራሪ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ሦስት ፓይንት ጠጥቶ ይንገረኝ።

ተራው ቢተር ግን 3.5 እና 4 በመቶ አካባቢ መሆኑ እውነት ነው። ይህ የሆነው ጠማቂዎቹ ሰንፈው አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቢራ ጠንካራ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እህል እንዲቆጠብ መንግሥት ጠመቃው ላይ ገደብ ጣለ፤ ግብሩንም ሰቀለው። ጦርነቱ ሲያልቅ የቢራው ጉልበት ወደ ቀድሞው ቦታው አልተመለሰም። ስለዚህ ጠማቂዎቹ በትንሽ አልኮል ውስጥ ብዙ ጣዕም ማኖርን መልመድ ነበረባቸው። ከባድ ሙያ ነው። ብቅሉ ደካማ ከሆነ፣ እርሾው ከተጨነቀ፣ ውሃው ካልተስማማ የሚደበቅበት ቦታ የለም። 7 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ በአልኮሉ ብቻ አፍ ይሞላል። 3.6 በመቶ ያለው ማይልድ አፍ ከሞላ ግን ጠማቂው አውቆበታል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። «ሆፕ የበዛበት ቢራ አሜሪካኖች የፈጠሩት ነው» ሲሉ ጸሐፊው አይ.ፒ.ኤ.ን (ኢንዲያ ፔል ኤል) ማለታቸው ነው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ግን ህንድን የሚጠራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምሥራቅ ለንደን፣ ቦው በሚባለው ሰፈር፣ የሆጅሰን ጠመቃ ቤት ወደ ህንድ በመርከብ ቢራ ይልክ ነበር። በ1820ዎቹ በርተን አፖን ትሬንት በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ያሉት ኦልሶፕና ባስ የተባሉ ጠመቃ ቤቶች ገበያውን ተሻሙት። ለወራት የሚጓዝ ቢራ ስለሆነ ሆፑን በብዛት ይጨምሩበት ነበር። ሆፕ መራራነትና መዓዛ ብቻ አይሰጥም፤ ቢራውን ከሚያበላሹ ባክቴሪያዎችም ይከላከላል። ለጠላ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ አበባ ነው። ቢራው በርሜል ከገባ በኋላም ጭብጥ ሙሉ ሆፕ ይጨመርበታል። አሁን «ድራይ ሆፕ» ተብሎ ቆርቆሮ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ያ ነው። ሆፕ በኋላ ሲጨመር ያረፈው ቢራ እንደገና መብላላት እንደሚጀምርም ሆራስ ብራውንና ባልደረባው ሞሪስ በ1893 ጽፈውታል። ዛሬ ክራፍት የሚባሉት ትንንሽ ጠማቂዎች እንደ አዲስ ችግር የሚያወሩት ነገር ነው።

የአሜሪካኖቹ ሆፕስ ከየት መጣ? ካስኬድ የሚባለው ሆፕ በ1972 ለገበሬዎች ተለቀቀ። ኬን ግሮስማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ በምትባል ከተማ የቤት ጠመቃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበራቸው። በ1980 ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤልን በካስኬድ ጠምቀው አገሩን ቀየሩት። የካስኬድ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ግን ፈግል የሚባለው የእንግሊዝ ሆፕ አያቶቹ ውስጥ ይገኛል። በተቃራኒውም ሄዷል። በኬንት የዋይ ኮሌጁ ፕሮፌሰር ኧርነስት ሳልመን ከካናዳዋ ማኒቶባ የመጣ የዱር ሆፕ ተክለው፣ ከዘሩ ብሩወርስ ጎልድን አወጡ። ይህ በ1934 ለገበያ የቀረበ ሆፕ ነው። የብዙ የዛሬ መራራ ሆፖች ዘር እዚያ ይነሳል። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጠማቂዎች «የአሜሪካ ሽታ አለው» ብለው ፊታቸውን ማጨማደዳቸው ያስቃል። ዛሬ ሰው ወረፋ የሚሰለፈው ለዚያ ሽታ ነው።

እርሾውም እንደዚያው ነው። ኒው ኢንግላንድ አይ.ፒ.ኤ. የሚባለውን፣ እንደ ጉሽ ጠላ የደፈረሰውን ቢራ ለመጥመቅ ብዙ ሰው የሚገዛው የዋየስት ኩባንያ 1318 ቁጥር እርሾ ነው። ስሙ «ሎንደን ኤል 3» ይባላል። ጸሐፊው «የእንግሊዝ እርሾ ያረጀ ነው» ብለው ሲጽፉ ፍሪጃቸው ውስጥ የቱ እንደተቀመጠ ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ያልኩት «እንግሊዞች ይበልጣሉ» ለማለት አይደለም። ሲትራ ሆፕ በ2008 ሲወጣ ለቢራ አዲስ ጣዕም አምጥቷል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ቢራዎች ዘመዳሞች ናቸው። አንዱን ዘመናዊ፣ ሌላውን ኋላ ቀር ብሎ መፈረጅ ታሪኩን አለማየት ነው።

እዚህ ጋ ነው ከጸሐፊው ጋር ክፉኛ የምለያየው፤ ለጀማሪው በሰጡት ምክር። «ሆፕ ጉድለት ይሸፍናል» ይላሉ። ይሸፍናል፤ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ አልነገሩትም።

የደፈረሰ አይ.ፒ.ኤ. ቤት ውስጥ የሚያስጠላ ጠላት አለው፤ ኦክሲጅን። የሆፑ ዘይት አየር ሲያገኝ በፍጥነት ይበላሻል። ቢራው በቢጫነቱ ማንጎ ማንጎ ሲሸት ቆይቶ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ቡናማና ግራጫ ይለወጣል። መዓዛው ይጠፋና እርጥብ ካርቶን የሚመስል ነገር ይቀራል። ፋብሪካዎች ቆርቆሮውን መጀመሪያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላሉ፤ ቢራው ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን በመሣሪያ ይለካሉ። ጀማሪው ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ ቱቦና የተለቃቀመ ጠርሙስ ነው። በቱቦ ሲያንቆረቁር አየር ይገባል። ጠርሙሱ አንገት ላይም አየር አለ። ይህን በደንብ ለማስቀረት ኬግ የሚባል ግጥም ብሎ የሚዘጋ የብረት ዕቃ፣ የጋዝ ሲሊንደርና አየር የማያስገባ መስመር ያስፈልገዋል። ጸሐፊው ራሳቸው ይህ ሁሉ እንዳላቸው ከጽሑፋቸው ይታያል። የሌለውን ሰው ረሱት።

ወጪውም አለ። ለ20 ሊትር የደፈረሰ አይ.ፒ.ኤ. 250 ወይም 300 ግራም ሆፕ መጨመር የተለመደ ነው፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። ያ ሁሉ ሆፕ ደግሞ ራሱ ቢራ ይጠጣል፤ ሁለት ሊትርና ከዚያ በላይ መጥጦ ታች ይቀራል። ለተመሳሳይ መጠን ቢተር ከ70 እስከ 80 ግራም ይበቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ቢበላሽ የቱ ይሻላል?

ቢተር ከኦክሲጅን ፈጽሞ ነፃ ነው አልልም። ሆኖም የሚያጣው ያንሳል፤ ጣዕሙ በሆፕ ዘይት ላይ ብቻ ስላልተመሠረተ። ክሪስታል የሚባለው ብቅል የካራሜል ጣዕም አለው፤ ትንሽ ሲያረጅም አይጠላም። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው እርሾም ከገባው አየር የተወሰነውን ይበላዋል። ሌላው ጥቅም ፍጥነቱ ነው። ጉልበቱ ዝቅተኛ ስለሆነ እርሾው በአራት አምስት ቀን ዋና ሥራውን ይጨርሳል። አብዛኛው የእንግሊዝ እርሾ ሥራውን እንደጨረሰ ተጠቃልሎ ከታች ይዘቅጣል፤ ቢራው ያለማጣሪያ ይጠራል። ከተጠመቀበት ቀን አንስቶ በሦስት አራት ሳምንት ይጠጣል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ነጥብ ያገኙ ነበር። የእንግሊዝ እርሾ ቶሎ ስለሚዘቅጥ አንዳንዴ ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል። ያን ጊዜ ቢራው የቅቤ ሽታ ይኖረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መብላላቱ ሊያልቅ ሲል ባልዲውን ሞቅ ወዳለ ክፍል ወስዶ ሁለት ሦስት ቀን መተው ነው። እርሾው ይነቃና ያንን ሽታ መልሶ ይበላዋል። ጀማሪ መማር ያለበት እንደዚህ ያለውን ነው። ጉድለቱን በሆፕ ከሸፈነው ግን ጉድለት እንዳለው እንኳ አያውቅም።

ስለ ውሃው ጸሐፊው «የበርተን ውሃ ከሌለህ አትድከም» ብለዋል። የበርተን ጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ሰልፌት የበዛበት መሆኑ ልክ ነው፤ የቢተሩን መራራነት ጥርት የሚያደርገው እሱ ነው። ግን ካልሲየም ሰልፌት ማለት ጀሶ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሌሎች ከተሞች ያሉ ጠማቂዎች ውሃቸው ላይ እየጨመሩ የበርተንን ይመስሉት ነበር። የቤት ጠመቃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ለምግብ የተዘጋጀውን በትንሽ ከረጢት ይሸጡታል፤ ለስለስ ያለ የቧንቧ ውሃ ላለው ሰው ለ20 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። (ጀሶ ሲባል እንጀራ ላይ ተቀላቀለ የተባለው ትዝ እንዳይላችሁ። የግድግዳውን ማለቴ አይደለም!)

አሁን የምስማማበት ነጥብ። «ገበያው እየቀበረው ነው» የሚለው ብዙ እውነት አለው። ማይልድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ፐብ ዋና መጠጥ ነበር፤ ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ፉለርስ የጠመቃ ሥራውን በ2019 ለጃፓኑ አሳሂ ሸጧል። በርተን ውስጥ ማርስተንስ በእንጨት በርሜሎች ተያይዞ የሚሠራውን ጥንታዊ የማብላያ ዘዴ፣ በርተን ዩኒየን የሚባለውን፣ በ2024 አቁሟል። ከበርሜሎቹ አንዱ ክፍል ቶርንብሪጅ ወደሚባል ጠመቃ ቤት ሄዶ ተርፏል። ይህን ሁሉ መካድ አይቻልም።

የተቀበረበትን ምክንያት ግን ጸሐፊው ጣዕሙ ላይ ጣሉት። እኔ ደግሞ በርሜሉ ላይ እጥለዋለሁ። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ አየር ስለሚገባው በሦስት ቀን አካባቢ ተሽጦ ማለቅ አለበት። ሰው የበዛበት ፐብ ይሸጠዋል። ሰው የሌለበት ፐብ አምስተኛው ቀን ላይ የኮመጠጠውን ይቀዳል። ያንን የቀመሰ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አያዝም፤ ሽያጩ ይቀንሳል፤ የሚቀጥለው በርሜል የባሰ ይቆያል። ደንበኛው የሸሸው ከተበላሸ ቢተር ነው።

ተቀበረ ሲባልም የመጀመሪያው አይደለም። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተጣራና ጋዝ የተሞላ ኬግ ቢራ ፐቡን ሁሉ እንዲያጥለቀልቀው አድርገው ነበር። በ1971 አራት እንግሊዛውያን አየርላንድ ለእረፍት ሄደው እዚያ መጠጥ ቤት ተቀምጠው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ካምራ ይባላል፤ የበርሜል ቢራን ከሞት የመለሰው እሱ ነው። የቤት ጠማቂውም ድርሻ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1880 ጀምሮ ቤቱ ለመጥመቅ ሰው ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ በ1963 ፈቃዱን ሰረዙት። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ እስክትፈቅድ ድረስ፣ ማለትም ጂሚ ካርተር በ1978 እስኪፈርሙ፣ 15 ዓመት አልፏል። የእንግሊዝ የቤት ጠማቂ በዚያ ጊዜ የሚጠምቀው ከፐቡ እየጠፋ ያለውን ነበር። ገበያ የማይሸጠውን መጥመቅ የዚህ ሥራ ልማድ ነው።

በመጨረሻም «ያማረው ገዝቶ ይጠጣ»። ከየት? ጸሐፊው የሚኖሩት አሜሪካ ነው። ወደዚያ የሚላከው የእንግሊዝ ቢራ አብዛኛው የተጣራ ወይም በሙቀት የታከመ ነው፤ መርከብ ላይና መደርደሪያ ላይ ወራት አሳልፏል። ሕይወት ያለው የበርሜል ቢራ ባሕር ተሻግሮ በሦስት ቀን አይሸጥም። አይ.ፒ.ኤ. ግን ከቤታቸው አጠገብ በዚያው ሳምንት የታሸገ ያገኛሉ፤ እሳቸው ከሚጠምቁት የተሻለም ሊሆን ይችላል። ቤት መጥመቅ የሚያዋጣው የማይገዛውን ነው።

መሞከር ለሚፈልግ ለ20 ሊትር ይህን ያህል ይበቃዋል። 3.5 ኪሎ ማሪስ ኦተር ብቅል፤ በ1960ዎቹ ከካምብሪጅ የወጣ የገብስ ዝርያ ነው፤ አሜሪካም ይሸጣል። 250 ግራም ክሪስታል ብቅል። ሁለቱን በ67 ዲግሪ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፎ ማጥለል። ጭማቂው መንተክተክ ሲጀምር 40 ግራም ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ ሆፕ ጨምሮ 60 ደቂቃ ማፍላት፤ ሰዓቱ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው 20 ግራም፤ እሳቱ ሲጠፋ 15 ግራም። ፈግልም ቢሆን ያስኬዳል። ማቀዝቀዝ፣ የእንግሊዝ እርሾ መጨመር፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል ማስቀመጥ። 3.8 በመቶ አካባቢ ይወጣል። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ለአንድ ሊትር ከ3 ግራም በላይ ስኳር አትጨምሩ፤ ከበዛ ላገር ይመስላል። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ከመቅዳታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት።